መረጃው ከልጁ ይቅደም

ታኅሣሥ ሲጋመስ የድሬዳዋ አየር ማረፊያ ፋታ ያጣል። ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው፤ ስለት ያለበትም ስለቱ የሰመረለትም ከአዲስ አበባና ከባሕር ማዶ በርሮ ድሬ ይወርድና የደንገጎን ዳገት ይያያዘዋል። ንግሡ ባለፈ በአሥረኛው ቀን ገና ነው። በክረምትም እንዲሁ፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ወደ ዘመድ በሚሄዱበት ወር የሐምሌ 19ኙ ንግሥ ይደርሳል። እናም ከአንዱ ወላጁ ርቆ የሚኖር ልጅ ለበዓል ወይም ለእረፍት ወደ ድሬ የሚበርርበት ጊዜ፣ ወረፋው ከሚረዝምበትና ሻንጣው ከሚከመርበት ጊዜ ጋር ይገጥማል።

በዚያ ወረፋ ውስጥ አንድ የ15 ዓመት ታዳጊ ቆሟል እንበል። ኦቲዝም አለበት። እናቱ አዲስ አበባ ናት፣ አባቱ ድሬዳዋ። ያነባል፣ ይጽፋል፣ የአውሮፕላኖችን ዓይነት ከሩቅ አይቶ ይለያል። ሰው ፊት ለፊት ማየት ግን ይከብደዋል፤ ሳይጠብቅ ሲነኩት ይደነግጣል፤ ጥያቄ ሲደራረብበት መልሱን እያወቀው ቃል ይጠፋዋል። ይህ ልጅ አንድ ሰዓት ገደማ በሚፈጅ በረራ ብቻውን አባቱ ዘንድ መድረስ ይችላል? ይችላል። ነገር ግን ስለ እሱ መታወቅ ያለበት ነገር ከእሱ ቀድሞ በየበሩ መድረስ አለበት። በሩ ላይ ቆሞ ራሱን እንዲያስረዳ ከተጠበቀ ጉዞው ሳይጀመር ሊበላሽ ይችላል።

ወላጆቹ በሁለት ከተማ የሚኖሩት የግድ ተፋትተው ላይሆን ይችላል፤ ለልጁ የሚሆን አገልግሎት ፍለጋም ይለያያቸዋል። በኢትዮጵያ ስለ ኦቲዝም ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው ስም የወይዘሮ ዘሚ የኑስ ነው። ከአሜሪካ የተመለሱት ዘሚ በውበት ሙያ ማሠልጠኛቸው ይታወቁ ነበር፤ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ በ2002 እ.ኤ.አ. ኒያ ፋውንዴሽንን መሠረቱ፤ በሥሩም ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ተከፈተ። እሳቸው በ2021 እ.ኤ.አ. ቢያርፉም በየቤቱ ተደብቆ የነበረውን ጉዳይ አደባባይ ያወጡ ሴት ናቸው። ከእሳቸው በኋላ በወላጆች ትግል የተቋቋመው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል መጣ። ሁለቱም ያሉት አዲስ አበባ ነው። እንግዲህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ወይም ገንደ ቆሬ ሰፈር የሚኖር ቤተሰብ ልጁን እንዲህ ባለ ማዕከል ማስተማር ከፈለገ፣ አንዱ ወላጅ ልጁን ይዞ መዲና ይገባል፣ ሌላው ሥራውንና ቤቱን ይዞ ይቀራል። ጉዞውን የወለደው የአገልግሎቱ በአንድ ከተማ መከማቸት ከሆነ፣ ጉዞውን የማቅለሉ ሥራ ለቤተሰቡ ብቻ የሚተው አይደለም።

የመጀመሪያው እንቅፋት ዕድሜ ነው። ብቻቸውን ለሚጓዙ ልጆች የሚሰጠው አገልግሎት በብዙ አየር መንገዶች ዘንድ ግዴታ የሚሆነው ከ5 እስከ 11 ዓመት ላሉት ነው። ሠራተኛ ከመመዝገቢያው እስከ ወንበሩ ያደርሰዋል፤ ሲወርድም የተመዘገበው ተቀባይ መታወቂያውን አሳይቶ፣ ፈርሞ ይረከበዋል። ልጁ 12 ዓመት ሲሞላው ግን፣ ወላጅ አስቀድሞ ጠይቆ ካላስመዘገበ በቀር፣ እንደ ማንኛውም ትልቅ መንገደኛ ይታያል። ደንቡ ለአብዛኛው ልጅ ልክ ነው። የ15 ዓመት ጤነኛ ጎረምሳ እጁን ይዘው ሲወስዱት ያፍራል። ኦቲዝም ላለበት ታዳጊ ግን ቁመቱና ድምፁ የሚናገሩት ሌላ፣ የሚያስፈልገው ሌላ ነው። ጢሙ ማቆጥቆጥ የጀመረ ረጅም ልጅ ለጥያቄ መልስ ሳይሰጥ ጆሮውን ይዞ ወዲያ ወዲህ ሲንጎራደድ፣ የሚያየው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ኦቲዝምን አይደለም። ጥጋብ ነው ይላል፤ ሰክሯል ይላል፤ የጸጥታ ሰው ከሆነም ሌላ ይጠረጥራል።

ጉዞው ራሱ በእሱ ጆሮና ቆዳ ምን እንደሚመስል ማሰብ ያስፈልጋል። ፍተሻው ገና ከሕንፃው መግቢያ ይጀምራል። «ጫማ አውልቅ፣ ቀበቶ ፍታ፣ ኪስህን አራግፍ፣ እጅህን ዘርጋ» የሚሉት ትእዛዞች በአንድ ትንፋሽ ይወርዱበታል። ማሽኑ ይጮኻል፤ የማያውቀው ሰው እጅ ወገቡን ይዳስሳል። አጉልቶ የሚያስተጋባ አዳራሽ ውስጥ የበረራ ቁጥሮች በሁለት ቋንቋ ይጠራሉ፤ ሕፃን ያለቅሳል፤ ቡና ይሸታል። የመሳፈሪያው በር በመጨረሻው ደቂቃ ሊለወጥ ይችላል። ወደ ድሬ የሚበርረው አውሮፕላን ኪው 400 ከሆነ፣ ባለ ፕሮፔለር ነውና ጉምጉምታው ከወንበር እስከ ጥርስ ይሰማል። ሲወርድ ጆሮ ይደፈናል። በሩ ሲከፈት ደግሞ የድሬ ሙቀት አለ፤ ከአዲስ አበባ ብርድ ሹራብ ለብሶ የመጣ ልጅ በአንድ እርምጃ ሌላ አየር ውስጥ ይገባል። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ድምፅን፣ ብርሃንን፣ ሽታንና ንክኪን ከሌላው ሰው አጉልተው ይሰማሉ። ሌላው መንገደኛ ረስቶት የሚያልፈው ነገር እነሱ ላይ ይጠራቀማል። ከልክ ሲያልፍ ይጮኻሉ፣ ይሸሻሉ፣ ወይም ድርቅ ብለው ይቆማሉ። ይህ ከአስተዳደግ ጉድለት የመጣ ባለጌነት አይደለም።

አስቀድሞ ያልተነገረ ነገር ምን እንደሚያስከትል በ2015 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ታይቷል። ከሂዩስተን ወደ ፖርትላንድ በሚበርር የዩናይትድ አውሮፕላን ላይ ኦቲዝም ያለባት የ15 ዓመት ልጅ ከወላጆቿ ጋር ተሳፍራ ነበር። ትኩስ ካልሆነ ምግብ አትበላም። እናቷ ትኩስ ምግብ ብትጠይቅ፣ የሚቀርበው ለመጀመሪያው ማዕረግ ተሳፋሪዎች ብቻ ነው ተባለች። ልጅቷ ከራባት ልትረበሽ እንደምትችል አስጠነቀቀች። በመጨረሻ ምግቡ መጣ፤ እናቷ በኋላ እንደተናገረችው ልጅቷ በልታ ተረጋግታ ነበር። አብራሪው ግን አውሮፕላኑን ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ አሳረፈው፤ ፖሊስም ገብቶ ቤተሰቡን አስወረደ። አየር መንገዱ በበኩሉ ሠራተኞቹ የወሰኑት ለተሳፋሪዎች ደኅንነት ሲሉ ነው ብሏል። አንድ አውሮፕላን መንገዱን የለወጠው ወላጆቿ አጠገቧ ተቀምጠው፣ ስለ እሷ እየተናገሩላት ነው። ብቻውን የሚጓዘው ልጅ ግን የሚናገርለት ሰው አጠገቡ የለም።

መፍትሔው አዲስ ነገር መፍጠር አይጠይቅም። አየር መንገዶች በዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር (አያታ) አሠራር መሠረት መንገደኛው ላይ ከትኬቱ ጋር የሚያያይዟቸው ባለ አራት ፊደል ምልክቶች አሏቸው። ብቻውን ለሚጓዝ ልጅ «ዩኤምኤንአር» አለ። የአእምሮ ወይም የእድገት ጉዳት ኖሮበት እገዛ ለሚሻ መንገደኛ ደግሞ «ዲፒኤንኤ» የሚባል አለ። ትኬት ሲቆረጥ ከተጻፈ መዝጋቢው፣ የበረራ አስተናጋጁና የመድረሻው ከተማ ሠራተኛ ሁሉ ያዩታል። ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ ምልክቱ ሲገባ ወንበሩ ተዘጋጅቶ እንደሚጠብቀው ማለት ነው። የ15 ዓመቱ ታዳጊም እንደ 8 ዓመት ሕፃን ታጅቦ መሄድ ካለበት ሁለቱም ምልክቶች አብረው ይግቡለት፤ ከ12 ዓመት በላይ ነው ተብሎ አይመለስ። ከምልክቱ ጎን ሁለትና ሦስት መስመር ቢጻፍ ደግሞ የበለጠ ይረዳል፦ ስሙ ሲጠራ ላይመልስ ይችላል፤ አይንኩት፣ በእጅ ያሳዩት፤ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ይንገሩት፤ የጆሮ መከለያውን አያስወልቁት።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያ ከብዙ አገሮች የተሻለ ዕድል አላት። በሌላው ዓለም አየር ማረፊያው የአንድ ድርጅት፣ አውሮፕላኑ የሌላ፣ የምድር አገልግሎቱ የሦስተኛ ነው፤ አንዱ የሰማውን ሌላው አይሰማም። በኛ አገር ግን የኤርፖርቶች ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ ጋር ተዋህዷል። ቦሌም ሆነ ድሬዳዋ፣ አውሮፕላኑም ሆነ አስተናጋጁ በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። ማሠልጠኛውም የራሱ የግሩፑ ነው፤ አንድ የሥልጠና ምዕራፍ ለመጨመር የማንንም ፈቃድ አይለምንም። ፍተሻው ሌላ የመንግሥት አካልን ስለሚመለከት በእሱ በኩል ስምምነት ያስፈልጋል፤ ስምምነቱም ፍተሻው ይቅር የሚል አይደለም። ልጁ እንደማንኛውም ሰው ይፈተሽ። ፈታሹ ግን ከመንካቱ በፊት የት እንደሚነካው ይንገረው፤ ቢቻል ወረፋው ባልበዛበት መስመር ይሁን።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ወላጅ ነው፤ ምልክቱ የሚገባው ወላጅ ከተናገረ ብቻ ነውና። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ ሁለት ክሊኒኮች የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። 45 በመቶ ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል፤ ከአራቱ ከአንዱ የሚበልጡት ደግሞ ሰው እንዳያውቅባቸው ለመደበቅ ይጥራሉ። ለጎረቤት ያልተነገረ ገመና ለትኬት ቆራጭ እንዴት ይነገራል? ችግሩን ከርግማን ወይም ከመንፈስ ጋር የሚያያይዝ ዘመድ ባለበት ቤት፣ «ልጄ ኦቲዝም አለበት» ብሎ ማስመዝገብ ትልቅ ድፍረት ይጠይቃል።

ለንደን አጠገብ ያለው የጋትዊክ አየር ማረፊያ በ2016 እ.ኤ.አ. የሱፍ አበባ ሥዕል ያለበት አረንጓዴ የአንገት ማንጠልጠያ ማደል የጀመረው ይህን ዓይነቱን ችግር ለማቃለል ነው። ያጠለቀው ሰው የሁኔታውን ስም አይናገርም፤ ሠራተኛው ግን ይህ መንገደኛ ትንሽ ጊዜና ትዕግሥት እንደሚያስፈልገው ያውቃል። ዛሬ በብዙ አገሮች አየር ማረፊያዎች ይሠራበታል። ለኛ ቤተሰቦች ይህ መንገድ ይበጃል፤ ቃል ሳያወጡ እገዛ ማግኘት ይቻላልና። በአደባባይ እንዳይለጠፍበት የሚሰጋ ካለም በስልክ መስመር ወይም በትኬት ቢሮ በጽሑፍ የሚሞላ፣ ከሠራተኛ በቀር ማንም የማያየው ቅጽ ይኑር። ሚስጥር የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ካለ ወላጅ ይናገራል።

«ለምን ብቻውን ይላካል? አብሮት ሰው ይሂድ» የሚል ይኖራል። ክርክሩ ክብደት አለው። ብቻቸውን መብረር የማይገባቸው ታዳጊዎች አሉ፤ ሲጨነቁ ራሳቸውን የሚጎዱ፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው፣ ከተያዙበት ሮጠው የሚያመልጡ። ለእነሱ አጃቢ የግድ ነው። ነገር ግን ወላጅ እንዳይሄድ የሚያግደው ሥራም አለ፣ ሌላ ሕፃን አለ፣ የትኬት ዋጋ አለ፤ አንድን ልጅ አድርሶ ለመመለስ ሁለት ሰው ይከፍላል። ከገንዘቡ ይልቅ ግን የልጁ ጉዳይ ይበልጣል። ዕድሜው 15 የሆነ ልጅ ከሦስት ዓመት በኋላ በሕግ አዋቂ ነው። ዛሬ በታቀደና በታጀበ አጭር በረራ ራሱን ካልሞከረ፣ በ18 ዓመቱ ያለ ልምድ፣ ያለ አጃቢና ያለ ምልክት ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ገምቷል። 150 ሰው የሚጭን ቦይንግ ሞልቶ ሲነሣ፣ በግምቱ መሠረት በአማካይ ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ሰው ውስጡ አለ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ዛሬም ይጓዛሉ፤ የሚጓዙት ግን ማንም ሳያውቅላቸው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ነው።

ልምምድ ዋናው ነገር ነው። በቦስተን የሎጋን አየር ማረፊያ አስተዳደርና የአካባቢው የአካል ጉዳተኞች ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. የጀመሩት መርሐ ግብር ቀላል ነበር፤ ቤተሰቦች ሻንጣ ይዘው ይመጣሉ፣ ይመዘገባሉ፣ ይፈተሻሉ፣ አውሮፕላን ውስጥ ገብተው ቀበቶ ያስራሉ፣ ሳይበርሩ ወርደው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ልጁ ብቻ ሳይሆን ሠራተኛውም ይለማመዳል። የአየርላንዱ ሻነን አየር ማረፊያ በ2017 እ.ኤ.አ. ብርሃኑና ድምፁ የተለዘበ ክፍል ከፈተ። ከኛ ጋር በየቀኑ የሚገናኘው ዱባይም በ2025 እ.ኤ.አ. ለአየር ማረፊያውና ለኤሚሬትስ አየር መንገድ የኦቲዝም ምስክር ወረቀት አግኝቷል፤ ኤሚሬትስ ደንበኞቹን የሚያለማምድበት መርሐ ግብርም አለው። የገልፍ መንገደኛ ለማግኘት ከኤሚሬትስ ጋር የሚፎካከረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዚህ ወደ ኋላ ሊቀር አይገባም።

ልምምዱን ለመጀመር ድሬዳዋ ከቦሌ ትሻላለች። አየር ማረፊያው ከመኖሪያ ሰፈሮች ብዙ አይርቅም፤ ከበር እስከ አውሮፕላን ያለው መንገድ አጭር ነው፤ በቀኑ ውስጥ በረራ የሌለባቸው ሰዓቶች አሉ። የከተማዋ ሰው ጠባይም ይታሰብበት። ድሬ እንግዳ አይታ ዝም አትልም፤ «አቦ፣ ከየት ነው?» ብሎ ትከሻ መታ መታ ማድረግ ለድሬ ሰው ሰላምታ ነው። ይህ ደግነት ለሌላው ሁሉ ልብ ሲያሞቅ፣ ኦቲዝም ላለበት ልጅ ድንገተኛ ንክኪ ነው። ታክሲና ባጃጅ ጠሪው፣ ሻንጣ አንሺው፣ ጥበቃው አንድ ነገር ቢነገራቸው ይበቃል፦ ቀድማችሁ ሰላም በሉት፣ አትንኩት፣ መልስ ባይሰጣችሁ አትቀየሙ። ከተማዋ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ የሚነገርባት ስለሆነች ልጁ የሚይዘው ትንሽ ካርድም በሦስቱ ቋንቋ ቢጻፍ ይመረጣል።

የቤተሰቡ ድርሻ ከትኬቱ ቀን በፊት ይጀምራል። እናት ቦሌ አገር ውስጥ ተርሚናልን፣ አባት የድሬውን በሮች በስልክ ፎቶ አንስተው በቅደም ተከተል ያሳዩት። የሚለብሰው በቀላሉ የሚወልቅ ጫማና ቀበቶ የማያስፈልገው ሱሪ ይሁን። የለመደው ምግብ ቦርሳው ውስጥ ይግባ። አባት የሚቆምበት ቦታ አንድ ብቻ ይሁን፤ በቪዲዮም ቀድሞ ያሳየው። መዘግየት ከሁሉ ይብሳል፤ «3 ሰዓት» ተብሎ 5 ሰዓት የሚነሣ አውሮፕላን ኦቲዝም ላለበት ልጅ የተሰበረ ቃል ነው። «ከዘገየ ምን አደርጋለሁ» የሚል አንድ ገጽ ጽፎ መስጠት ከብዙ ማጽናኛ ይሻላል። የመሥሪያ ቤቱ ድርሻ ደግሞ መዘግየቱን ለተሳፋሪዎች በድምፅ ማጉያ ከመንገር አልፎ ለዚህ ልጅ በቀጥታ መንገር፣ በሁለቱም ከተማ አንድ ወላጅ እስከ መሳፈሪያው በር እንዲገባ ፈቃድ መስጠት ነው። ወላጅ ከግቢ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ልጁ ውስጥ ግራ ገብቶት የሚያልፈው ግማሽ ሰዓት ያለ ምክንያት የሚከፈል ዋጋ ነው።

ይህ የቸርነት ጥያቄ አይደለም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ስምምነቱ ስለ ትራንስፖርት ተደራሽነት ሲያነሣ የአእምሮና የእድገት ጉዳት ያለባቸውንም ይጨምራል። በተግባር ግን ተደራሽነት ሲባል አእምሯችን ውስጥ የሚመጣው መወጣጫና ሊፍት ብቻ ነው።

የመልሱ ጉዞም ይታሰብ። ልጁ ለገና አባቱ ዘንድ ሰንብቶ፣ ከለመደው ቤት ወጥቶ፣ ስንብት ጨርሶ ነው አየር ማረፊያ የሚመጣው፤ ያን ቀን ከመምጫው ቀን ይልቅ ሊረበሽ ይችላል። ምልክቱ በአንዱ ጉዞ ላይ ተጽፎ በሌላው ከተረሳ ሥራው ግማሽ ነው። ስለዚህ የድሬዳዋ አየር ማረፊያ ከመጪው ሐምሌ 19 በፊት አንድ የልምምድ ከሰዓት ያዘጋጅ። የድል ጮራ ሆስፒታል ባለሙያዎችና የከተማዋ የልዩ ፍላጎት መምህራን ቤተሰቦቹን ይጥሩ። ለመጀመሪያው ዙር አሥር ቤተሰብ ይበቃል። ፈታሾቹ፣ መዝጋቢዎቹና ሁለት የበረራ አስተናጋጆች በሥራ ልብሳቸው ይገኙ፤ አውሮፕላን ካልተገኘም እስከ መሳፈሪያው በር ያለው መንገድ ይበቃል። ወላጆች ሲወጡ የልጆቻቸውን ሁኔታ የሚገልጸውን ቅጽ እዚያው ሞልተው ይስጡ፤ ቅጹም ለሐምሌም ለታኅሣሥም ትኬት እንዲያገለግል ተመዝግቦ ይቀመጥ።